በሎይስ ዱዴክ ስም የቆመው ወንበር

የሃድሊ ግሌን ሕዝብ በከተማው ኩሬ በሰላም ይዋኝ ዘንድ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ ለዚህም ባለ ባጁን ባጅ ከሌለው የሚለይ ንቁ ዓይን በማስፈለጉ፤ ሚስስ ሎይስ ዱዴክ የተባሉት፣ ቁመታቸው ከበሩ መቀርቀሪያ እምብዛም የማያልፍ፣ ዕድሜያቸው ሰባ አራት የሆነ ባልቴት፣ ሠላሳ አንድ በጋ ሙሉ በአረንጓዴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፊሽካ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ለዝናቡ ጃንጥላ ለፀሐዩ ባርኔጣ እያፈራረቁ፣ ይህን ታላቅ ተግባር ያለ አንዳች ነቀፋ የፈጸሙ በመሆኑ፤ የሰኔ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ከእንግዲህ «የሎይስ ዱዴክ ቀን» ተብሎ እንዲጠራ፣ በስማቸውም አንድ አግዳሚ ወንበር እንዲቆም በሙሉ ድምፅ ታውጇል። ይህን ያልሰማ ጆሮ ቢኖር ጥፋቱ የጆሮው ነው።

ቃል በቃል ባይሆንም የአዋጁ መንፈስ ይኸው ነበር። ከንቲባው ቆሞ ሲያነብ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ከንቲባችን ማልቀስ ይችልበታል፤ ፖስታ ቤቱ ፊት የነበረው ዛፍ የተቆረጠ ዕለትም አልቅሷል። እኛም ተነሥተን አጨበጨብን። ጭብጨባ የሚያስወጣን ነገር ስለሌለ በጭብጨባ አንሰስትም።

እንግዲህ የተጨበጨበላት ሴት ይህች ናት።

ኩሬው የከተማው ነው። ከተማው ማለት እኛ ነን። እኛ ማለት ደግሞ በየሚያዝያው የመብራት ደረሰኝና የቤት ማስረጃ ይዞ ማዘጋጃ ቤት የሚሰለፍ፣ ተሰልፎም የዓመቱን ባጅ የሚቀበል ሰው ነው። የባጁ ቀለም በየዓመቱ ይለወጣል፤ የአምናውን ይዞ የሚመጣ አጭበርባሪ እንዳይኖር። በሃድሊ ግሌን ሰው የቤቱን ዋጋ አይናገርም፣ ነውር ነው። ልጁ የት ዩኒቨርሲቲ እንደገባም በቀጥታ አይናገርም፣ መኪናው የኋላ መስታወት ላይ ይለጥፈዋል እንጂ። ባጁን ግን በዋና ልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰክቶ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ ለፀሐይም ለጎረቤትም ያሳያል።

ሎይስ ፊት አታይም ነበር። የምታየው ቀለም ነው። አንድ እሑድ ከንቲባው ራሱ ባጁን ረስቶ መጣ።

«ሎይስዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አየሁህ። ደህና አደርክ?»

«ከንቲባው ነኝ!»

«እሱንማ መርጬህ የለ። ባጅህስ?»

«ቤት ረሳሁት። ልጆቹ ውስጥ ናቸው፣ ሳንድዊቻቸው ደግሞ እኔ ጋ ነው። በረሃብ ሊያልቁ ነው።»

«ሳንድዊቹ ይግባ። ሳንድዊች ባጅ አይጠየቅም።»

ሳንድዊቹ ገባ። ከንቲባው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እንዲህ ያለ የሎይስ ታሪክ የሌለው ሰው በከተማችን የለም። በየራት ግብዣው እናወራዋለን፣ እንስቃለን፣ «የኛ ሎይስ!» እንላለን። የኛ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ርካሽ ነው። የኛ አትክልተኛ፣ የኛ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የኛ ሞግዚት። አመሻሽ ላይ የኛ የተባሉት በሙሉ የባቡሩን ሀዲድ ተሻግረው ማርሎ ወደሚባለው ከተማ፣ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የማን እንደሚሆኑ ጠይቀን አናውቅም።

ሎይስ ግን ሀዲዱን አትሻገርም ነበር። ሳይደር ሌን በሚባለው መንገድ ላይ፣ ሁለት መስኮት ባላት አንዲት ትንሽ የኪራይ ቤት፣ ከባሏ ከዋልት ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖራለች። ዋልት የማዘጋጃ ቤቱ የጥገና ሠራተኛ ነበር። በረዶ የሚጠርገው እሱ፣ ቅጠል የሚሰበስበው እሱ፣ በየግንቦቱም ተንሳፋፊውን የእንጨት መድረክ ከመጋዘን አውጥቶ፣ በጀልባ ጎትቶ፣ ኩሬው መካከል በሰንሰለት የሚያስረው እሱ። ዋናተኛ ሁሉ እስከዚያ መድረክ ዋኝቶ፣ በመሰላሉ ወጥቶ፣ ትንሽ ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል። የከተማው ልጅ ዋና ቻለ የሚባለው መድረኩን በእጁ የነካ ቀን ነው።

አንድ ዓመት ከመድረኩ የጥድ ሳንቃዎች አንዱ በስብሶ ተሰበረ። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሳንቃ ለመግዛት ሦስት ፊርማ ፈለገ፤ ፈራሚዎቹ ለዕረፍት ሄደው ነበር። ዋልት ቤቱ ሄዶ የምግብ ጠረጴዛቸውን ክንፍ በመጋዝ ቆርጦ መጣና ቸነከረው። ጠቆር ያለ የኦክ እንጨት ነው፤ ከግራ ሲቆጠር አራተኛው። ሎይስ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛዋ አጥሯል።

«ምን ነካህ አንተ ሰው? ጠረጴዛዬን?»

«ሁለት ሰው ነን፣ ሎይስ። ያ ሁሉ ጠረጴዛ ምን ያደርግልናል?»

ልጅ አልነበራቸውም። ሎይስ ከዚያ በኋላ ስለ ጠረጴዛው አላነሣችም።

ዋልት የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የቤተ መጻሕፍቱን ደጅ በረዶ ሲጠርግ፣ አካፋው ላይ ተደግፎ ሞተ። ሬሳውን መጀመሪያ ያዩት ሰዎች እያረፈ መስሏቸው «ጎበዝ ዋልት!» ብለውት አልፈዋል። ይህን ያሉት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። አንነግርህም፤ በጣም ደጋግ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በጋ ጀምሮ ሎይስ ኩሬው ከመከፈቱ በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቁልፏ በሩን ትከፍትና ብቻዋን ትገባለች። እንደ ዳክዬ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ቀስ ብላ እስከ መድረኩ ትዋኛለች። በመሰላሉ ትወጣለች። አራተኛው ሳንቃ ላይ ጀርባዋን አስተኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና አሥር ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ከዚያ ተመልሳ፣ ደርቃ፣ ለብሳ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን በርጩማዋ ላይ ናት። መቃብሩ ጋ የምትሄደው በዓመት አንዴ ነው። «እዚያ ድንጋይ ነው ያለው» ትላለች። ከዚህች ከተማ፣ ከዚህ ሁሉ ቤትና ከዚህ ሁሉ ሣር፣ ሎይስ ዱዴክ የምትፈልገው አንድ ሳንቃ ነበር።

አሁን ስለ ደንቡ እንናገር፤ እንደ እኛ ደንብ የሚወድ ሕዝብ የለምና።

የኩሬውን ደንብ የጻፈው ጠበቃ ነው፤ ጥርስ ያበቀለችለት ግን ሎይስ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት ቅዳሜና እሑድ በሩን የሚያግዛት አንድ የማርሎ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ይህ ሰው አንድ ቀን የሚስቱን ወንድም ከነቤተሰቡ፣ ዘጠኝ ነፍስ፣ ከነከሰል ምድጃቸው አስገባ። ሎይስ በስብሰባው ላይ እጇን አወጣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮፎን ያዘች።

«በሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው የራሱን ኩሬ ይጠብቅ» አለች። «የሰው ኩሬ የሚጠብቅ ሰው ለሰው ሲል ይለቀዋል።»

ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። እንዲህ ሆኖ አንቀጽ አራት ተወለደ፤ የኩሬው በር ጠባቂ የከተማው ነዋሪ መሆን አለበት። በዚያው ሞቅታ አንቀጽ ስድስትም ታከለ፤ ማንኛውም ነዋሪ እስከ አራት እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል፣ ስማቸውን በሩ ላይ ባለው ደብተር እስከጻፈ ድረስ፤ በር ጠባቂው ራሱ ግን የማንንም ስም በእንግድነት መጻፍ አይችልም። ይህንንም ያመጣችው እሷ ናት።

ከዚያ አንድ የነሐሴ ቀን ኢኔዝ ታልቦት መጣች። ኢኔዝ የሳይደር ሌን ጎረቤቷ ነበረች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ ቲማቲምና ወሬ ተቀባብለዋል። ባሏ ሲሞት የቤት ግብሩን መክፈል ስላቃታት ሸጣ ማርሎ ገባች። ያን ቀን ሙቀቱ አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር። ኢኔዝ ከማርሎ በእግሯ መጥታ፣ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ በሩ ላይ ቆመች።

«ሎይስ፣ እግሬን ብቻ ነክሬ ልውጣ።»

«የማን እንግዳ ነሽ?»

«የማንም። ያንቺ ልሁን።»

«በር ጠባቂ እንግዳ የለውም፣ ታውቂያለሽ።»

«ዳሩ ላይ ነው እኮ የምቆመው። አምስት ደቂቃ። ቆመሽ ጠብቂኝ ከፈለግሽ።»

«ላንቺ ከከፈትኩ፣ ኢኔዝ፣ ለማን እዘጋለሁ?»

ኢኔዝ ውኃውን በሎይስ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለች፤ ሄደች። በዚያው ዓመት በረዶ ሳይጥል ሞተች። ሎይስ ቀብሩ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዘመዶቹን ሳትጨብጥ ወጣች።

የሎይስ ቤት ባለቤት ኪራይ መጨመር የሚያፍር ሽማግሌ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ዘር አይተካም፤ እሱም ሲሞት ሩቅ አገር ያሉት ወራሾቹ ቤቱን በአራት ቀን ሸጡት። እስካቫተሩ ለማፍረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሰባት መታጠቢያ ቤት ያለው ቤት ቆሟል። የሚኖሩበት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በምን ተራ እንደሚታጠቡ እግዜር ይወቅ።

«ለሎይስ ቦታ ይጠፋል?» ተባባልን። «ሎይስን የምታህል ሰው!» ሁላችንም ጠየቅን፤ የጠየቅነው ግን እርስ በርሳችንን ነው። የኩሬው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሜረዲት ክሮስዌይት ከጋራዟ በላይ መታጠቢያና ማብሰያ ያለው ክፍል አላት፤ የዮጋ ምንጣፏ ይኖርበታል። ልታከራየው ትችል ነበር እንዳንል፣ ከጋራዥ በላይ ማከራየት በሃድሊ ግሌን ክልክል ነው። የከለከልነው እኛው ነን፣ በድምፅ ብልጫ፣ «የከተማችን ጠባይ እንዳይበላሽ» ብለን። ጠባያችን ይኸው፣ አልተበላሸም።

በየካቲት ሎይስ አጭሩን ጠረጴዛ፣ ሁለት ሻንጣና አረንጓዴውን በርጩማ በጎረቤት መኪና አስጭና ሀዲዱን ተሻገረች። ማርሎ ውስጥ፣ ከአንድ ምንጣፍ ሻጭ በላይ፣ አንድ ክፍል አገኘች። በእግሯ ከኩሬው አርባ ደቂቃ ነው።

በሚያዝያ፣ እኛ ለባጅ በተሰለፍንበት ጠዋት፣ እሷም መጣች። ደረሰኝ አልያዘችም። ሰልፉን አልፋ በቀጥታ ሜረዲት ወደተቀመጠችበት ጠረጴዛ ሄደችና ቁልፉን፣ ፊሽካውንና የእንግዳ ደብተሩን ደረደረች።

«ሎይስዬ፣ የኔ ማር፣ በእኔ ቢሆን እኮ...»

«ባንቺ አይደለም። በአንቀጽ አራት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ግን ልቤ...»

«ልብሽን ተዪው ሜረዲት፣ ፊሽካውን መረከብሽን ፈርሚልኝ። ትንሹ ቁልፍ የመጸዳጃ ቤቱ ነው፤ በሩን ወደ ላይ ካላነሣሽው አይከፍትም። አዲሱን ሰው ላኪልኝና አሳየዋለሁ።»

ሜረዲት አለቀሰች። ሎይስ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ሰጠቻት። ከሩቅ ያየ ሰው ከሁለቱ የተሰናበተችው የትኛዋ እንደሆነች አይለይም ነበር።

አዲሱ ሰው ዶክተር ኒል አብራምሰን ነው፤ የልጆቻችንን ጥርስ በሽቦ አስሮ ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ፣ ሚስቱ «ከቤት ውጣልኝ» ብላ የላከችው ሰው። ሎይስ በግንቦት ሦስት ቀን ከማርሎ እየተመላለሰች በነጻ አሠለጠነችው። ሥልጠናው የተሰጠው ከበሩ ውጭ ቆመው ነው።

«ፊት እንዳታይ ዶክተር። ፊት ይሸነግላል። ቀለሙን እይ።»

«ሰው ቢቆጣኝስ?»

«ይቆጣሃል። ደህና አደሩ በለውና ቀለሙን እይ።»

በዚህ መካከል ኅሊናችን ትንሽ ቆርቆር አደረገን። ኅሊናችን ሲቆረቁረን ኮሚቴ እናቋቁማለን። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። የወንበሩ እንጨት ምን ይሁን? የነሐሱ ሰሌዳ ጽሑፍ ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ ዘንበል ያለ? «ውድ» ይባል ወይስ «ተወዳጅ»? በዚህ ላይ ብቻ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ቦታው ግን አላከራከረም። የኩሬው ዳር፣ ከአኻያው ዛፍ ሥር፣ መድረኩ ፊት ለፊት ይሁን ተባለ። ከበሩ እስከዚያ መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ ሁሉም በአጥሩ ውስጥ። ከአሥራ አንዱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ጠበቆች፣ አንዱ መሐንዲስ ነበሩ። አንድም ሰው አልታየውም።

አዋጁ በተነበበበት ምሽት ሎይስ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ከተጨበጨበ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ወንበሩ የት ነው የሚቆመው?»

«አኻያው ሥር!» አለ ከንቲባው። «መድረኩ ፊት ለፊት! ቁጭ ብለሽ ዋልትን እያሰብሽ...»

ሎይስ ፊቱን አየችው። ምናልባት በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ማየቷ ነው።

«ጥሩ ቦታ ነው» አለች።

ቀኑ ደረሰ። የሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ኩሬው ዳር ሎሚናት ቀርቧል፣ ልጆቹ ወረቀት ላይ ትልልቅ ፊሽካ ሥለው ሰቅለዋል፣ ወንበሩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የዓመቱ ባጅ ብርቱካናማ ነው፤ ከሩቅ ስንታይ የፍራፍሬ መደብር እንመስል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረን ዶክተር ኒል ነው፤ የነገረንም በመስከረም፣ በጋው ካለቀ በኋላ።

ሎይስ ለአራት ሰዓት ሩብ ሲቀረው በሩ ላይ ደረሰች። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች፤ በአንገቱ በኩል የዋና ልብሷ ማሰሪያ ይታያል። ፎጣዋን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች።

«እንኳን አደረሰሽ ሎይስ» አለ ኒል፣ ተነሥቶ።

«አመሰግናለሁ። ደብተሩን እየው እስቲ።»

ኒል ደብተሩን አየ። ከላይ እስከ ታች አየ፣ ገልብጦ አየ። ጆሮው ቀላ።

«የማን እንግዳ ነሽ ተብሎ ነው የተጻፈው?»

«እኔ እንጃ። አንድ ሰው ይጽፈኛል ብዬ ነበር።»

ሁላችንም እንዲሁ ብለን ነበር። ሜረዲት ከንቲባው የጻፋት መስሏታል፤ ከንቲባው ሜረዲት። ጎረቤቶቿ ኮሚቴው፤ ኮሚቴው ጎረቤቶቿ። ከከተማው አራት ሺህ ባለ ባጅ እያንዳንዱ አራት አራት እንግዳ የማስገባት መብት ነበረው። አሥራ ስድስት ሺህ ባዶ መስመር።

በዚህ ጊዜ አንድ አርፋጅ ቤተሰብ ደረሰ። አባትዮው ሎይስን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ሎይስ! ያንቺ ቀን! እንኳን ደስ አለሽ! አንቺ እዚህ እስካለሽ አይጀምሩትም፣ አይደል?» አለና ከኦሃዮ የመጡ ሁለት የአጎቱን ልጆች ስም ደብተሩ ላይ ሞነጫጭሮ እየሳቀ ገባ። ሎይስ እንዲያልፉ ወደ ጎን ቆመችላቸው። ኋላ ኋላ የምትከተለው ሴት ልጁ ስታልፍ ግን የሎይስ ዓይን አላለፋትም።

«ዶክተር፣ የልጅቷ ባጅ ሐምራዊ ነው። የአምናው ነው።»

«ልተዋት፣ ሎይስ። ዛሬ እንኳ...»

«ለሷ ከከፈትክ ለማን...»

አልጨረሰችውም። የሆነ ሰው ከኋላዋ የተናገረ ይመስል ዞር ብላ መንገዱን አየች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«ግቢ በቃ» አለ ኒል፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ። «ግቢ ሎይስ። አንቀጹን እኔ እበላዋለሁ። ወይም ቆይ፣ ሮጥ ብዬ ከውስጥ አንድ ሰው ልጥራ፣ ይፈርማል። ማንም ይፈርማል!»

«እንዳትጠራ።»

«ለምን?»

«ኢኔዝ ታልቦት እዚህ ቆማ ለምናኛለች፣ እግሯን ለመንከር። እዚህ፣ እኔ አሁን የቆምኩበት። የሚፈርምላት ሰው ልጥራልሽ እንኳ አላልኳትም። በአእምሮዬም አልመጣ።» ፎጣዋን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች። «ለሷ ያልሆነ በር ለኔ አይሆንም። ለማንም እንዳትናገር። ስሜን ይዘህ በየሰዉ እንድትለምንልኝ አልፈልግም፣ ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«ጥሩ። በሩን ዝጋው፣ ሕፃን ይወጣል።»

ውስጥ ሩብ ሰዓት ጠበቅናት። ሜረዲት ስልክ ደወለች፤ ማርሎ፣ ከምንጣፍ ሻጩ በላይ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ስልክ ጮኸ። በመጨረሻ ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሎይስን ታውቋታላችሁ» አለ፣ «ትሑት ሰው ናት። ግርግር አትወድም። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት!»

ጨርቁ ተነሣ። ስለ ትሕትናዋ ከወንበሩ የበለጠ አጨበጨብንላት። ጭብጨባችን ውኃውን ተሻግሮ መንገዱ ዳር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ የቆመች አንዲት ሴት ጋ ደረሰ። ኒል ከበሩ ያያታል። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆማ፣ ከዚያ ወደ ሀዲዱ ሄደች፤ ማሰሪያው እንዳይታይ በመንገድ ላይ የቀሚሷን አንገት እየሳበች።

በዚያ በጋ ጠዋት ጠዋት ትመጣ ነበር። እኛም አይተናታል። ውሻ ስናዞር፣ ስንሮጥ፣ አጥሩ ጥግ ቆማ እናያት ነበር። እጃችንን እናወዛውዝላታለን። «ሎይስ በዚህ ዕድሜዋ የእግር ጉዞ ጀመረች፣ እንዴት ደስ ይላል!» እንባባላለን። አንድ ጠዋት ኒል ቀደም ብሎ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ከግራ አራተኛውን» አለች። «ከዚህ ሆኖ አይለይም። ሁሉም ሳንቃ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።»

ያን በጋ በእንግዳ ደብተሩ ላይ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ስም ተጽፏል። የኦሃዮ የአጎት ልጆች፣ የባንክ የሥራ ባልደረቦች፣ የአንዷን ቤት ያደሰ ኮንትራክተር፣ የውሻ አሠልጣኝ ሁለት ጊዜ። ወንበሩን ደግሞ እንወደዋለን፤ እርጥብ ፎጣ ለማስጫ እንደ እሱ የሚመች የለም። ነሐሱ ሰሌዳ ላይ «ለተወዳጇ ሎይስ ዱዴክ፣ የኩሬው ነፍስ» ይላል። ከፎጣው ሥር ነው።

ኒል በመስከረም አልቻለም፤ ቃሉን አፍርሶ ነገረን። ነገሩን ሰምተን በጣም አዘንን። ከንቲባው አለቀሰ። ሜረዲት ደንቡን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመች፤ ንዑስ ኮሚቴው በጥር መሰብሰብ ነበረበት፣ የበረዶ መንሸራተቻ ወቅት ሆነበት። ሎይስ በበኩሏ በዚያ የበረዶ ወቅት ጉልበቷን ታማለች። ከምንጣፍ ሻጩ በላይ ያለው ደረጃ ሃያ ሁለት እርከን ነው፤ ባቡሩን የሚጠብቁ ሰዎች ደረጃው መሀል ላይ ቁጭ ብላ ስታርፍ ያዩዋታል። የመድረኩ መሰላል አምስት እርከን ነው፣ ያውም እርጥብ። ስንት በጋ እንደቀራት መቁጠር የሐኪም ሥራ አይደለም፤ ማንም ይቆጥረዋል።

አሁን እንደገና ግንቦት ነው። የዘንድሮው ባጅ ሰማያዊ ነው፤ ያምራል። ስለዚህ አንተ፣ ደረትህ ላይ ሰማያዊ ሰክተህ ይህን የምታነብ ሰው፣ ስታነብም «ምስኪን» ብለህ ከንፈርህን የመጠጥክ፣ ስማኝ። አዋጅ አንፈልግም። ነሐስም ይብቃን። ኩሬው ቅዳሜ ይከፈታል። ዶክተር ኒል በሩ ላይ ነው፣ ደብተሩ ጭኑ ላይ፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። በግራ በኩል የራስህን ስም ጻፍ። በቀኝ በኩል፣ «እንግዳ» ከሚለው ሥር፣ እባክህ፣ ሎይስ ዱዴክ ብለህ ጻፍና፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ መንገዱ ተመለስ፤ አጥሩን ይዛ የቆመችውን ሴት፣ የምትለምናት አንተ እንደሆንክ አድርገህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ፣ «እባክሽ እንግዳዬ ሁኚልኝ» በላት።